ከማማ እስከ አቅራቢ መነጽር፦ በወሎ ደጋ ወፍ የመመልከት ታሪክ

በወሎ ደጋ ወፍ ሊያይ ለሚወጣ ቡድን ዋናው ወር ጥር ነው። በዚያ ወር አውሮፓና ሰሜን እስያ በበረዶ ተሸፍነው ሐይቆቻቸው ይረጋሉ። ምግብ ያጡት ዳክዬዎችና የውሃ ዳር ወፎች ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ፤ ብዙዎቹም የኢትዮጵያን ሐይቆችና ረግረጎች ማረፊያ ያደርጋሉ። በወሎ ግን ጥር የበጋ ወር ነው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ብሩህ፣ መንገዱ ደረቅ ነው፤ እህሉም ተወቅቶ ጎተራ ስለገባ ማሳው ገላጣ ሆኖ ዓይንን የሚጋርድ ነገር የለም። የሰሜኑ ዓለም የወፍ ማኅበራት ካፖርት ደርበው የሚያካሂዱት የክረምት ቆጠራ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የበጋ ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አገሩም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሽቅብ ሲወጣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይደረሳል፤ ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ናት። ከደሴ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጉጉፍቱና ወደ አቀስታ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ውርጫማ ሜዳ ያወጣል። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐይቅ ከተማና ስሟን ያገኘችበት ውሃ አሉ፤ ከእሱ ከፍ ብሎ አርድቦ ይገኛል። የቆላው ማሽላና የደጋው ገብስ በደሴ ሰኞ ገበያ ጎን ለጎን የሚሰፈሩት አገሩ እንዲህ ቁልቁልና ሽቅብ የተደራረበ ስለሆነ ነው። ወፉም እንደ እህሉ ነው፤ በየከፍታው ሌላ ዓይነት ይገኛል። ከጠዋት እስከ ማታ በመኪና የሚጓዝ ሰው የቆላ፣ የወይና ደጋና የውርጭ ወፎችን በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

በዚህ አገር ወፍን በትኩረት የመመልከት ልማድ መነጽር ይዞ በመጣ እንግዳ አልተጀመረም። ማሽላ በሚበቅልበት በቃሉና በቦርከና ሸለቆ እሸቱ ማፍራት ሲጀምር በየማሳው መካከል ማማ ይቆማል። ማማው በአራት ባላ እንጨት ላይ የተረበረበ ቆጥ ነው። ወፍ ጠባቂው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣበታል፤ ወንጭፉንና የወንጭፍ ድንጋዩን አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ጅራፍ ያጮኻል፤ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ዋናዋ ጠላት ግሪሳ ናት። ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ መንቁሯ ቀላ ያለ ትንሽ ወፍ ናት፤ ብቻዋን ምንም አይደለችም፣ በመንጋ ስትመጣ ግን ማሳውን በጥቂት ቀን ባዶ ታደርጋለች። መንጋው እጅግ ሲበዛ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በአውሮፕላን መድኃኒት እስከመርጨት ይደርሳል። በማማው ላይ ያለው ልጅ መንጋው ከየት አቅጣጫ እንደሚነሣ፣ ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚወርድ፣ በየትኛው ቁጥቋጦ እንደሚያድር ያውቃል። ጭልፊት በማሳው ላይ ስታንዣብብ ግሪሳው ዝም እንደሚልም ያውቃል። ይህ እውቀት ተጽፎ አያውቅም እንጂ፣ የወፍ ጥናት ሊቃውንት ባህሪ የሚሉትን ነገር ከሥሩ የያዘ ነው።

ሌላው የቆየ ጥበቃ የሃይማኖት ቦታዎች ጥበቃ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት በነበረ፣ ኋላ ግን ከየብስ በተገናኘ መሬት ላይ የቆመ ነው። በገዳሙ ዙሪያ ዛፍ በዘፈቀደ አይቆረጥም፤ ስለዚህ አካባቢው ተራቁቶ እንኳ ዛፍ ወዳድ ወፎች እዚያ መጠጊያ አላቸው። የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ያሳያል። በቅዱስ ቁርኣን ደግሞ ለነቢዩ ሱለይማን የሳባን ንግሥት ወሬ ያመጣችው ሁድሁድ ናት። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀዬ በሚኖሩበት በወሎ፣ ወፍን ያለ ምክንያት መግደል ነውር ሆኖ የኖረው በሁለቱም በኩል ነው።

በጽሑፍ የተመዘገበው የደጋ ወፎች ታሪክ ግን የሚጀምረው በጠመንጃ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ በቆየበት ጊዜ በላማልሞ ተራራ ላይ ያጋጠመውን በመጽሐፉ ተርኳል። አገልጋዮቹ ሥጋ እየቀቀሉ ሳለ አንድ ትልቅ አሞራ ወርዶ ከምግቡ ነጠቀ፤ ተመልሶ ሲመጣም ብሩስ ተኩሶ ጣለው። ስሙን «ንስር ወርቅ» ብሎ ጻፈው። ይህ አጥንት እየሰበረ የሚበላው ጢማሙ አሞራ ነው፤ በወሎ ገደላገደልም እስከዛሬ ይታያል።

ከብሩስ በኋላ የመጡት በሙያው የበለጠ የተማሩ ነበሩ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1831 ምጽዋ ገብቶ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን አዳረሰ፤ የሰበሰበውንም ወደ አገሩ ሙዚየም ወሰደ። ጋጋኖን፣ ባለ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ፣ ወፍራም መንቁር ያለውን ትልቁን ቁራ፣ ነጭ ቀለበት በአንገቱ ያለውን ርግብ፣ ደረቱ ነጠብጣብ የሆነውን የእርጥብ ሜዳ ወፍ ለሳይንሱ ዓለም ስም ሰጥቶ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ዛሬ ከውጭ ወደ ወሎ ደጋ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚፈልጋቸው እነዚህኑ ነው፤ ምክንያቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በየትም አይገኙም።

ወሎን በቀጥታ የነካው የመጀመሪያው ታላቅ የወፍ ሊቅ ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ሳይሆን አይቀርም። በ1862 የዐፄ ቴዎድሮስን ሰፈር ተከትሎ ወሎ ድረስ ዘለቀ። ንጉሡ በዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ሆይግሊን ደግሞ በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል የወፍ ማስታወሻውን አላቋረጠም። ከ1869 እስከ 1875 በየክፍሉ የታተመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች መጽሐፉ ለብዙ ዘመን የዘርፉ መሠረት ሆኖ አገልግሏል።

ከሆይግሊን ጉዞ ስድስት ዓመት በኋላ የመጣው ደግሞ ከጦር ጋር ነው። የእንግሊዝ ጦር በዙላ ወርዶ በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ዊልያም ብላንፎርድ አብሮ ተላከ። ሥራው ድንጋይና አራዊት ማጥናት ነበር። ሠራዊቱ በሰንዓፌ፣ በአንጣሎ፣ በአሸንጌ አድርጎ እስከ ደላንታ አምባ ሲጓዝ፣ ብላንፎርድ በየሰፈሩ ዙሪያ እየወጣ ወፍ ይሰበስብ ነበር። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ቀን ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በለንደን የታተመው የብላንፎርድ መጽሐፍ የዚያን ዘመቻ መንገድ ከወፍና ከአራዊት አንጻር ያሳያል። ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ሲታወሱ፣ በዚያው መንገድ ወደ ለንደን የሄደው የወፍ ቆዳም አብሮ መታወስ ያለበት ነው። የሰብሳቢዎቹ ስም በላቲን የወፍ ስሞች ውስጥ ቀርቷል፤ ዱካውን ያሳዩትና ጓዙን የተሸከሙት የአገሬው ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው አልተጻፈም።

በሸዋ በኩል ጣሊያናዊው ማርኬዝ ኦራትሲዮ አንቲኖሪ በ1876 መጥቶ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ በአንኮበር አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ አገኘ። እዚያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ወፍ ሲሰበስብ ኖረ፤ በ1882 ሞቶም እዚያው ተቀበረ። ልጥ ማረፊያ በኢትዮጵያ ምድር ወፍ ለማጥናት ሰው ተቀምጦ የኖረበት ቀዳሚ ጣቢያ ሊባል ይችላል።

ጠመንጃውን በዓይን የመተካቱ ነገር በሌላው ዓለምም ዘግይቶ ነው የመጣው። በአሜሪካ በገና ቀን ወንዶች በሁለት ቡድን ተከፍለው ብዙ አውሬና ወፍ የገደለ የሚያሸንፍበት ውድድር ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ሊቅ በ1900 በዚያ ፈንታ በገና ቀን ወፍ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበ፤ 27 ሰዎች በ25 ቦታ ቆጠሩ። ያ ልማድ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ ደርሷል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በ1909 በናይሮቢ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በኢትዮጵያ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራው ገና የሰብሳቢዎች ነበር። በ1926 እና በ1927 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ያሰማራው ጉዞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አርሲን፣ ባሌን፣ ጎጃምን፣ ጎንደርንና ሰሜን ተራሮችን አዳርሷል። ከተጓዦቹ አንዱ ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ነበር። የወፍ ዓይንና የመንቁሩ ሥር ቀለም ከሞተ በኋላ ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ ፉዌርቴስ ወፉ ገና ትኩስ ሳለ በሰፈሩ ተቀምጦ ይሥል ነበር። አገሩ በተመለሰ ጥቂት ወራት ውስጥ በባቡር አደጋ ሞተ፤ ሥዕሎቹ ግን ከአደጋው ተረፉ። የኢትዮጵያን ወፎች እንደ ሕያው ያሳዩ ከእነዚያ የሚበልጡ ሥዕሎች ጥቂት ናቸው።

በአገር ውስጥ ወፍን ለማየት ብቻ የሚወጣ ቡድን በቋሚነት የተደራጀው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቋመ። ዘመኑ የዱር አራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተደራጀበት፣ አዋሽና ሰሜን ተራሮች ፓርክ እንዲሆኑ ሥራ የተጀመረበት ነበር። ማኅበሩ በ1969 «ዋልያ» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆኖ በ1971 የኢትዮጵያን ወፎች ዝርዝር አወጣ። ያ ቀጭን መጽሐፍ ለመስክ ሰው ትልቅ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ ሰው ያየው ወፍ ቀድሞ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የውጭ ቤተ መጻሕፍት ማገላበጥ ነበረበት።

የዚያ ዘመን ትልቁ ሰው እንግሊዛዊው ጆን አሽ ነው። ከ1969 እስከ 1977 በአዲስ አበባ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራው ፈላሽ ወፎች በሽታና መዥገር ይዘው ይመጡ እንደሆነ ማጥናት ነበር፤ ለዚህም በመረብ የተያዙ ወፎች በእግራቸው ቁጥር ያለው ቀለበት እየታሰረላቸው ይለቀቁ ነበር። አሽ በትርፍ ጊዜው የሚያደርገው የመስክ ጉዞ ከመደበኛ ሥራው ባላነሰ ፍሬ አፈራ። በ1976 በአንኮበር አቅራቢያ ባለው ገደል ሳይንስ የማያውቃት አንዲት ትንሽ፣ ቡናማና ሽንትር ያላት ወፍ አገኘ። በ1979 የአንኮበር ስም ተሰጥቷት ይፋ ሆነች። ለረጅም ጊዜ ከአንኮበር ዙሪያ አትወጣም ተብሎ ይታመን ነበር፤ ኋላ ግን በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮችም ተገኘች። ከሸዋ እስከ ወሎ በተዘረጋው ገደል ጫፍ ላይ ምን ያህል ያልታየ ነገር ሊኖር እንደሚችል የአንኮበሯ ወፍ ታሪክ ያስረዳል።

ከአብዮቱ በኋላ ይህ ሥራ ለብዙ ዓመት ቀዘቀዘ። ወሎ ከአብዮቱ ቀደም ብሎ በ1973፣ ኋላም በ1984 ረሃብ ተመታ፤ በመጨረሻዎቹ የደርግ ዓመታት ደግሞ ሰሜኑ ጦር ሜዳ ሆነ። የውጭ አገር ሰው ከአዲስ አበባ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ አቅራቢ መነጽር አንግቶ በገደል ጫፍ መቆምም ለማንም የሚመከር አልነበረም። በዚያ ጊዜ የወሎ ወፎች የሚጽፍላቸው አልነበረም፤ ማማ ላይ ያሉት ልጆች ግን ማየታቸውን አልተዉም።

ከ1991 ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በአውሮፓ በ1967 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ በ1991 የአፍሪካ ክንፉን ጀመረ። በየዓመቱ በጥር አጋማሽ፣ ፈላሾቹ በማረፊያቸው በረጉበት ሰዓት፣ በየአገሩ ያሉ ቆጣሪዎች ሐይቅና ረግረግ ይቆጥራሉ። በኢትዮጵያም ማኅበሩ ከመንግሥት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጋር ይህን ሥራ ሲያካሂድ ቆይቷል። በ1996 ማኅበሩ ለወፍ ጥበቃ ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። በ2009 ደግሞ ጆን አሽና ጆን አትኪንስ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ወፎች ስርጭት የሚያሳይ አትላስ አወጡ። በአገሪቱ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት መመዝገቡ የታወቀው በእነዚህ ሥራዎች ድምር ነው።

ከዚህ ዘመን ታሪኮች አንዱ በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። ራሰ በራ የሆነ፣ መንቁሩ ቀይና ቆልማማ የጋጋኖ ዘመድ አለ። በመካከለኛው ምሥራቅ ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ በ2002 በሶርያ በረሃ፣ በፓልሚራ አቅራቢያ ጥቂቶች ተገኙ። በየዓመቱ ከዚያ ተነሥተው የት እንደሚሄዱ ግን የሚያውቅ አልነበረም። በ2006 ሦስቱ ላይ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ ታሰረ። መሣሪያው በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፈው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የሸዋ ደጋ ላይ ማረፋቸውን አሳየ። ሊፈልጓቸው የወጡት ሰዎች በውርጭ ሜዳ ላይ፣ በከብትና በእረኛ መካከል ሳይደነግጡ ሲለቅሙ አገኟቸው። አሽ በ1970ዎቹ ስለዚሁ ወፍ በኢትዮጵያ መታየት ጽፎ ነበር፤ ያኔ ግን ነገሩን የተከታተለው አልነበረም። የፓልሚራው መንጋ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጠፋ። በሶርያ ብዙ ጥበቃ የተደረገለት ወፍ ዓመቱን እኩሌታ የሚኖረው ስሙን እንኳ በማያውቁት የኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳ ላይ ነበር፤ እነሱም አልነኩትም።

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የሁለት ቀን ጉዞ የሚያቅድ ቡድን በተፈጥሮው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጣርማ በርን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን ተሻግሮ የጨፋን ረግረግ ያገኛል። ጨፋ ቦርከና ወንዝ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ ነው። በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን ነድተው ይወርዱበታል፤ ከሰሜን የመጡ ወፎችም በዚያው ወቅት ይሰፍሩበታል። ጭራዋን እየወዘወዘች በላሞቹ እግር ሥር ዝንብ የምትለቅም ቢጫ ወፍ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣች እንግዳ ናት፤ ለእረኛው ግን በየዓመቱ የምትመጣ ጎረቤቱ ናት።

ሐይቅ ላይ ሥራው ቆጠራ ነው። ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ዳርቻው በአንድ ቦታ ቆሞ ስለማይታይ ቆጣሪዎቹ ይከፋፈሉታል። እያንዳንዱ ቡድን የተመደበለትን ክፍል በአንድ ጊዜ ይጀምራል፤ አለዚያ ከአንዱ ክፍል የተነሣ መንጋ በሌላው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣና ውሃው ሳይናወጥ መጀመር የግድ ነው። አንዱ በቴሌስኮፕ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። ጥቂት ከሆኑ አንድ በአንድ፣ መንጋ ከሆነ ደግሞ አሥሩን ለይቶ በዓይን ይዞ በዚያ ልክ አሥር አሥር እያሉ ይሄዳሉ። መንቁሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ዳክዬ፣ ጭራው እንደ መርፌ የሾለው ዳክዬ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ነጭ ግንባር ያለው ጥቁር የውሃ ወፍና የግብፅ ዝይ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው አሉ። አሣ የሚበሉት ወፎች ነገር ከሐይቁ የቅርብ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሐይቅ ውስጥ ቆሮሶ አሣ ተጨምሮበታል፤ ይህም በውሃው ውስጥ ያለውን የሕይወት ሚዛን ለውጦታል። ስለዚህ የሐይቅ የወፍ ቁጥር ከዓሣ አጥማጁ ወሬ ጋር ተያይዞ ካልተነበበ ትርጉሙ ጎደሎ ነው። የቆጠራው ቅጽ ተሰብስቦ ወደ አገር አቀፉ አስተባባሪ፣ ከዚያም ኔዘርላንድስ ወዳለው ዓለም አቀፍ የረግረግ ጥበቃ ድርጅት ይላካል።

ሁለተኛው ቀን የደጋው ነው። በጉጉፍቱ በኩል ወደ ላይ ሲወጣ ባሕር ዛፍና ገብስ እያለቀ ጓሳ ሣርና ጅባራ ይተካል። በዚያ ከፍታ በምንጭ ዳር የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ አካሄዱ ከሌላ ዝይ ይለያል፤ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ በጀርባው ላይ ያስተኛና እንዲያ ሆኖ ይራመዳል። ላባው ወፍራም ነው፤ ለውርጭ የተሠራ ነው። ጋጋኖዎች ገደል ላይ ያድሩና ሲነጋ በጋጋታ ወደ ማሳ ይወርዳሉ፤ በእረኞች ዘንድ የታወቁት ከመልካቸው ይልቅ በድምፃቸው ነው። ትልቁ ቁራ ከብት የጣለውን እበት በወፍራም መንቁሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ትል ይፈልጋል።

በገደሉ ጫፍ ላይ ለሚታገሥ ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ብሩስ «ንስር ወርቅ» ያለው ጢማሙ አሞራ ነው። ሌሎች አሞራዎች ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ አጥንቱን ያነሣል። በጥፍሩ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ለዚህ ወደለመደው ድንጋያማ ቦታ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ ያነሣዋል፤ ደግሞ ይወጣል፤ እስኪሰበር አይተወውም። ስብርባሪውን እንዳለ ይውጠዋል፤ የሆዱ አሲድ አጥንት ያሟሟል። ደረቱ ወርቅማ የሆነውም ላባው በተፈጥሮው ስለቀላ አይደለም። ብረት ያለበት ቀይ አፈርና ጭቃ ላይ እየተንከባለለ ራሱን ያቀልማል።

እነዚህ ወፎች ሁሉ ዛሬ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ አይደሉም። በ2015 በአፍሪካ ያሉ በርካታ የአሞራ ዓይነቶች በዓለም አቀፉ ዝርዝር ወደ መጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጎራ ተመደቡ፤ በየከተማው ቄራ ዙሪያ የሚያንዣብበው ጥንብ አንሳ አንዱ ነው። ዋናው ምክንያት መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለውሻ በተቀመጠ የተመረዘ ሬሳ በአንድ ቀን ብዙ አሞራ ያልቃል። በረግረጎች በኩል እርሻና መስኖ እየገፋ ነው። በደጋው ደግሞ ባሕር ዛፍና ገብስ ወደ ሽቅብ እየወጡ ነው፤ ሕዝቡ እየበዛ መሬቱ ስላልበዛ ይህ የሚጠበቅ ነው። በ2021 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ሲደርስባቸው ለወፍ ብሎ መንገድ መውጣት አልተቻለም።

ወፍ ተመልካች ለማብዛት የናይሮቢው የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ልምድ ለወሎ ምሳሌ ሊሆን የሚችል ነው። እዚያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየረቡዕ ጠዋት ሰዎች ተሰብስበው ወፍ ለማየት ይሄዳሉ። መነጽር ለሌለው ያለው ያውሰዋል፤ አዲስ መጤው ከነባሩ ይማራል። ከዚያ የረቡዕ ጉዞ የወጡ ወጣቶች ዛሬ በኬንያ አስጎብኚና ተመራማሪ ሆነዋል። በኢትዮጵያም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የበርጋ ረግረግ ነጭ ክንፍ ያላት፣ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ የሆነች ትንሽ የረግረግ ወፍ እንደምትራባ ሲታወቅ፣ የአካባቢው ገበሬዎች የወፍ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ረግረጉን መጠበቅ ጀምረዋል። ወፏ ለሣሩ የታሰበ የአጨዳና የግጦሽ ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ያንን ጊዜ የሚወስኑት ደግሞ ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው።

በወሎ ይህን ለማድረግ የሚጎድለው ጥቂት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ አለው፤ ትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባት ሊኖሯቸው ይችላሉ፤ ሐይቅም በአውቶቡስ በግማሽ ቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልበት ነው። ወፉን ከነባህሪው የሚያውቁ ወፍ ጠባቂዎችና እረኞች በየቀበሌው አሉ። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የሥነ ሕይወት መምህራን በጥር አንድ ቅዳሜና እሁድ ለይተው ተማሪዎቻቸውን ወደ ሐይቅ፣ ወደ አርድቦና ወደ ጉጉፍቱ ይውሰዱ፤ ያዩትን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ይጻፉ፤ የአገሬውን የወፍ ስምም ከእረኛው ጠይቀው በዚያው ቅጽ ላይ ይመዝግቡ። ዓለም አቀፉ ቆጠራ የሚካሄድበት የጥር አጋማሽ ከጥምቀት በዓል ጋር ስለሚቀራረብ፣ ቀኑን አስቀድሞ ከበዓሉ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል።